ቡሹ ይሻላል ወይስ ጥቁሩ ስፖንጅ?

ፀደይ በገባ ቁጥር የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ልጆች የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሊገዙ ሲነሡ ይደውሉልኛል። ከእነርሱ የበለጠ ዓሣ ስለማጠምድ አይደለም። አናጢ ስለሆንኩ እጀታው የተበላሸ ዘንግ ሁሉ ወደ እኔ ጋራዥ ስለሚመጣ ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ እጀታው ቡሽ የሆነውን ልግዛ ወይስ ጥቁር ስፖንጅ የሆነውን?» እኔም መልሼ «ዘንጉን ይዘህ ልትቆም ነው ወይስ ተክለኸው ልትቀመጥ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይህን ሳያስቡ ነው ሱቅ የሚገቡት።

ከዊልሰን ድልድይ አጠገብ፣ ጆንስ ፖይንት ባለው የማጥመጃ መድረክ ላይ የምንጠብቀው ሰማያዊውን አምባዛ ነው። የዚህ አካባቢ መጤ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለስፖርት ተብሎ በቨርጂኒያ ወንዞች ተለቅቆ ወደዚህ ወደ ፖቶማክ ወንዝም ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ ግዛት የተያዘው አንዱ 143 ፓውንድ መዝኗል። (እናቴ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ቤቷ አታስገባም ነበር፤ እኔም ልማዱ አልለቀቀኝም፣ የማጠምደውን የሚበሉልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው።) ለእንዲህ ያለ ዓሣ ዘንጉ ብረት መደገፊያ ውስጥ ተተክሎ ያመሻል። ብረቱ ቡሹን ይቦጫጭቀዋል፣ የማጥመጃው ሥጋ ደምና የአምባዛው ዝልግልግ ልጋግ ደግሞ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ይሸታል። ስለዚህ ተክሎ ለሚቀመጥ ሰው ያለማንገራገር ስፖንጁን እላለሁ። በውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ ቢጎዳም ዋጋው አያሳዝንም።

ሚያዝያ ላይ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዙ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ወንዙ ዳር ወዳለው ፍሌቸርስ ኮቭ ሄዶ ጀልባ መከራየትና ቀላል ዘንግ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ መወርወር ነው። እጅ ከእጀታው አይለይም፤ እዚህ ላይ ቡሽን የሚተካ ነገር አላገኘሁም። በብርድ ጠዋት እጅን አያቀዘቅዝም፣ ሲረጥብም አያንሸራትትም።

ግን ቡሽ ሁሉ ቡሽ አይደለም። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከፖርቹጋል ነው። ዛፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመላጥ 25 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ ከዚያ በኋላም በየ9 ዓመቱ ነው የሚላጠው። ጥሩ ጥሩውን ደግሞ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ይሻማዋል። ስለዚህ ርካሽ ዘንግ ላይ የምታዩት ለስላሳ ቡሽ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው በመሙያ የተደፈነ ነው። ሱቅ ውስጥ በመስኮት ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱት፤ ከዙሪያው ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ከበዛበት ያ መሙያ ነው፣ አንድ ሁለት ወቅት ካገለገለ በኋላ እየተፈረፈረ ይወድቃል። እንዲህ ያለው ሲመጣልኝ ከሌላ ቡሽ በብርጭቆ ወረቀት የፋቅሁትን ዱቄት ውኃ ከሚችል የእንጨት ሙጫ ጋር ለውሼ ጉድጓዱን ከአፉ ትንሽ እስኪያልፍ እሞላዋለሁ። አድሮ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክለዋለሁ። ቀለሙ ትንሽ ይለያል እንጂ ጣት አያውቀውም።

ከቡሽና ከስፖንጁ ይልቅ ሰው የሚረሳው ርዝመቱን ነው። የክር መጠቅለያው ያለበትን ቦታ ያዙና የእጀታውን ጭራ በክንዳችሁ ሥር አስተኙት፤ ክርናችሁ አካባቢ ካለቀ ለአንድ እጅ ውርወራ ይበቃል። ከዚያ በጣም ካለፈ በወረወራችሁ ቁጥር ጃኬታችሁ ላይ ይያዛል። ከባድ የእርሳስ ብረት ክሩ ላይ አስሮ በሁለት እጅ ለሚወረውር ግን ረጅሙ ግድ ነው፣ የታችኛው እጅ የሚስብበት ቦታ ይፈልጋል።

መካከሉ ባዶ የሆነው፣ ለሁለት የተከፈለው እጀታ ወጣቶቹን ያማልላቸዋል። ክብደት ይቀንሳል ይባላል፤ ይቀንሳልም፣ በጥቂት ግራም። ነገር ግን ከኋላ የተቀነሰው ክብደት ጫፉን ወደ መሬት እንዲያዘነብል ሊያደርገው ይችላል፣ ያኔ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው የእጅ አንጓ ነው። መጠቅለያው ተገጥሞ በአንድ ጣት ላይ ሳታመዛዝኑ አትግዙ። ሻጩ ካልገጠመላችሁ ሌላ ሱቅ ሞልቷል። እኔ በበኩሌ ባዶውን መካከል አልወደውም፤ ትልቅ ዓሣ ሲስብ እጄ ወዳሻው ቦታ እንዲንሸራተት እፈልጋለሁ።

ውፍረቱን በተመለከተ ከመዶሻ የተለየ ነገር የለውም፤ ቀጭን እጀታ ጨብጦ የዋለ እጅ ማታ ይኮማተራል። ጣታቸውን የመገጣጠሚያ ሕመም ለሚያስቸግራቸው አንድ ጓደኛችን ስፖንጁን ሳልነካ በላዩ ኤሌክትሪሲያኖች ሽቦ የሚሸፍኑበትን ዓይነት፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለበስኩላቸው። ለዘንግ ተብሎ የሚሸጥ ሻካራ ዓይነት አለ። ማሞቂያውን ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር መውሰድ ያስፈልጋል፣ ከዳር ከተጀመረ አየሩ ውስጡ ታፍኖ ያብጣል። ማሞቂያው አንድ ቦታ ላይ ከቆመም ስፖንጁ ይቀልጣል።