የሰው እድር ዳኛ

ትናንት ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ከጎረቤቴ ጋር ተከራከርን። ጋሼ ነው የምላቸው፤ የእድራችን ዳኛ ሆነው ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ግዛቶች በፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ የሌላ ፓርቲ ደጋፊም ገብቶ ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ ስላቸው ሲኒያቸውን ቁጭ አደረጉና «እና እኔ አዘዞ ወርጄ የሰው እድር ዳኛ ልምረጥላቸው?» አሉ።

እውነት ለመናገር መልስ አጣሁ። ተንኮሉም ያለ ነገር ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 የሬዲዮው ሰው ረሽ ሊምባው ሪፐብሊካን አድማጮቹን ወደ ዲሞክራቶቹ ፕራይመሪ እየሄዱ ለሂላሪ ክሊንተን ድምፅ እንዲሰጡ ይቀሰቅስ ነበር። ሂላሪን ወዶ መሰላችሁ? ከኦባማ ጋር ሲቦጫጨቁ እንዲከርሙለት ነው።

ግን ሚሲሲፒን ተመልከቱ። በ2014 ነባሩ ሪፐብሊካን ሴናተር ታድ ኮክራን በመጀመሪያው ዙር በክሪስ ማክዳንኤል ለጥቂት ተቀደመ። ሁለቱም ግማሹን ስላልሞሉ ሌላ ዙር ተደረገ። እዚያ ላይ ብዙውን ጊዜ ዲሞክራት የሚመርጡ ጥቁሮች ወጥተው ደገፉትና አሸነፈ። ማክዳንኤል ተቀማሁ ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። እኔ በነዚያ መራጮች አልፈርድም። እዚያ ግዛት የሪፐብሊካንን ፕራይመሪ ያሸነፈ ሰው ሴኔት መግባቱ ያለቀ ነገር ስለሆነ፣ «እናንተ ዋናውን ምርጫ ጠብቁ» ማለት ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደ መጥራት ነው። ሁለት ፓርቲ በሚተናነቅበት ቦታ በሩ ይዘጋ፣ እሺ። አንዱ ብቻ ሁሌ በሚያሸንፍበት ግን ይከፈት ባይ ነኝ።

«ታዲያ አባል አይሆኑም?» አሉ ጋሼ። ይሄም ቀላል አይደለም። ኒውዮርክ በሩ ዝግ ነው፤ በ2016 የትራምፕ ልጆች ኢቫንካና ኤሪክ በጊዜው ሪፐብሊካን ሆነው ስላልተመዘገቡ ለገዛ አባታቸው እንኳ መምረጥ አልቻሉም። ጋሼ በሳቅ ፍርስ አሉ።

ከዚያ «የኛስ?» አሉ። የኛማ ምን ይወራል። እጩውን ፓርቲው ውስጥ ለውስጥ ይጨርሰዋል። እኔ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 2013 ተሰልፌ የመረጥኩትን ሰው ስም መጀመሪያ ያየሁት ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ነው። እሳቸውም እንደዚያው።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው «ለመሆኑ አባሉስ ተጠይቋል?» አሉኝ። ፓርቲ ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ ቅዳሜ እንደገና ቡና አለን።