ሰባት ሳምንት ከቤዙ ጋር

ባለፈው እንደነገርኳችሁ የኒውዮርኩን የራፕ ቡድን የኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስትን ስድስት አልበሞች በወጡበት ቅደም ተከተል እያደመጥኩ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ግጥሙን ለጊዜው ትቶ ቤዙን፣ ማለትም ከሥር ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ብቻ መከተል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እነሱ የመጀመሪያውን አልበም በ1990 ሲያወጡ እኛ ገና 1982 ላይ ነበርን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባክነዋል። በስልኬ ድምፅ ማጉያ እየሰማሁ ስለ ሁለተኛው አልበም ደብተሬ ላይ «ደረቅ፣ ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የስልኩ ነበር። ያቺ ጥፍር የምታህል ማጉያ ቤዝ የሚባል ነገር አታወጣም፤ እኔም ሥጋው ከወጣለት ወጥ ላይ ሆኜ ስፈርድ ሰንብቻለሁ። ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ተውሼ እንደገና ጀመርኩ።

የመጀመሪያው አልበም ጨዋታ የበዛበት ነው። ከሮክ ዘፋኙ ከሉ ሪድ የታወቀ ዘፈን የተወሰደው ቤዝ ሲመጣ የዋናውን ዘፈን ጠረን ይዞ፣ ከነጎረቤቶቹ ነው የሚመጣው። ከቡድኑ ራፐሮች አንዱ ፋይፍ ዳውግ እዚህ በጥቂት ዘፈኖች ብቻ ነው የሚሰማው። ሌላው አባል ጃሮቢም ከዚህ አልበም በኋላ የምግብ ሥራ ሊማር ሄደ።

በ1991 የወጣው «ዘ ሎው ኤንድ ቲዎሪ» ግን ሌላ ዓለም ነው። ርዕሱ ራሱ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ የድምፁ የታችኛው ክፍል፣ ቤዙ ነው፤ ወርቁ ደግሞ በኅብረተሰቡ የታችኛው እርከን ላይ የተቀመጠው ጥቁር ሰው። ምን እንደሠሩ የገባኝ በጆሮ ማዳመጫው አይደለም፤ ፒያሳ መንገድ ዳር ቆሜ ነው። መስኮቶቿን የዘጋች ሚኒባስ ሙዚቃዋን ከፍ አድርጋ አለፈች። ድምጻዊውም ኪቦርዱም አልተሰማኝም፤ ደረቴ ላይ የደረሰው ቤዙ ብቻ ነው። መስኮቱ ቀጭኑን ድምፅ አስቀርቶ ወፍራሙን አሳልፏል። የቡድኑ ራፐርና አቀናባሪ ኪው ቲፕና ጓደኞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከአሮጌ የጃዝ ሸክላ የወሰዱትን ቁራጭ በማጣሪያ እያሳለፉ ላዩን ይቆርጡና ቤዙን ያስቀራሉ፤ ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ድራምና ድምፃቸውን ያስቀምጣሉ። እኔ ባዶ ያልኩት ሆን ተብሎ የተጠረገ ቦታ ነበር። አንዱ ዘፈን ላይማ ሸክላውም አልበቃቸውም፤ በስድሳዎቹ ከጃዝ ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ ጋር ይጫወት የነበረውን ሮን ካርተርን ጠርተው ኮንትራባስ፣ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ፣ አስጫውተውታል። ፋይፍም ከዚህ ጀምሮ ሙሉ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ብቻውን የያዘው ዘፈን ሁሉ አለ።

ሦስተኛው፣ የ1993ቱ «ሚድናይት ማሮደርስ»፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዞኛል። ከሮኒ ፎስተር የኦርጋን ሙዚቃ የተወሰደ ዙር የሚሽከረከርበት ዘፈን አለ፤ «ኤሌክትሪክ ሪላክሴሽን» ይባላል። በእግሬ ብቆጥር አልገጥም አለኝ። አራት ምት አንድ ባር፣ አራት ባር አንድ ዙር እያልኩ ስጠብቅ ዙሩ ቀድሞኝ ይጀምራል። መቁጠር አቃተኝ ብዬ ደብተሩን ዘጋሁት። በማግስቱ ከአራት ኪሎ ወደ ለገሃር በታክሲ ስሄድ ጣቶቼን ጉልበቴ ላይ እያሳረፍኩ ቆጠርኩ፤ ዙሩ ሦስት ባር ነው! ራፑ በአራት በአራት ባር እየሄደ ከሥሩ ያለው በሦስት ይዞራል፤ የሚገናኙት አሥራ ሁለተኛው ባር ላይ ነው። ዘፈኑ ለምን እንደማይሰለች አሁን ገባኝ። ቺክቺካን በሁለትም በሦስትም እያጨበጨበ ያደገ ጆሮ ይህን ለማግኘት ይህን ያህል መዘግየቱ ትንሽ ያሳፍራል።

በዚያን ዘመን ይሠሩበት የነበረው ኤስፒ 1200 የተባለው ድምፅ ቆርጦ የሚይዝና መልሶ የሚያጫውት መሣሪያ በጠቅላላው የሚይዘው 10 ሴኮንድ ያህል ድምፅ መሆኑንም አትርሱ። እኔ ስልኬ ውስጥ ሺህ ድምፅ አከማችቼ አንድም ዙር አልጨረስኩም።

ስለ 1996ቱ አልበም «ደከሙ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዲትሮይት የመጣው ወጣቱ ጄ ዲላ በቅንብሩ የተቀላቀላቸው በዚህ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ስንሰማ ክራር የሚጫወተው ልጅ ሣቀብኝ። «ድራሙ አልደከመም፤ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ትዝታ ስትዘፍን ምቱ ላይ ወዲያው ትወድቃለህ እንዴ?» አለኝ። እንደገና ከፈትነው። ቤዙ ለስልሶ ክብ ሆኗል፤ ድራሙም ለጥቂት ዘግየት ብሎ ያርፋል። «ደከሙ» የምትለዋን ሰርዤ ምንም ሳልተካ ተውኳት፤ አሁንም ከሦስተኛው አላስበልጠውም።

የ1998ቱን ሁለት ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ከመውጣቱ በፊት መለያየታቸውን ተናግረው ነበር፤ ሁሉም ነገር የተስተካከለ፣ ምንም የማይቧጭር አልበም ነው።

የመጨረሻው የመጣው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2016 ነው። ፋይፍ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በስኳር በሽታ ጠንቅ ቢያርፍም ድምፁ በአልበሙ ውስጥ አለ፤ ኪው ቲፕ ቤት ባለው ስቱዲዮ አብረው ሲቀዱ ነበርና። የሰው እጅ የሚጫወታቸው መሣሪያዎች በዝተዋል፤ ቤዙ ሻካራ ነው። ሕጌን እዚህ አፈረስኩ፤ ፋይፍ ሲገባ ቤዙን መከተል አልቻልኩም።

አሁን የክራር ድምፅ ቀድቼ የራሴን ባለ ሦስት ባር ዙር እየሞከርኩ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ፤ በዚያ ላይ ድራሙ ይቀድመኛል። ያንን ቀጭታ እንዴት እንደምታጠፉት የምታውቁ ካላችሁ እስከ ቅዳሜ ንገሩኝ።