ከ«አንቲፓይሬቲክ» ተነስቼ «ክኒን» ላይ ደረስኩ

የመድኃኒት ስያሜዎችን ከነሥራቸው እየፈታሁ መማር ጀምሬያለሁ። አብራችሁኝ ለምትማሩ፣ ሰሞኑን የያዝኩት ቃል «አንቲፓይሬቲክ» ነው፤ ትኩሳት ማብረጃ። ፓራሲታሞል፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እዚህ ውስጥ ይመደባሉ።

ምንጩ ግሪክ ነው። «አንቲ» ፀረ ማለት ነው፣ «ፒሬቶስ» ትኩሳት። የፒሬቶስ ሥር ደግሞ «ፒር» ነው፤ እሳት። እኛም እኮ ያው ነን! ትኩሳት ከ«ተኮሰ»፣ ንዳድ ከ«ነደደ» ነው የመጡት። ይህን ካየሁ በኋላ ቃሉ ከአእምሮዬ አልጠፋም። «ፓይሮጅን» ሲመጣም ትኩሳት ቀስቃሽ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ስያሜው የመድኃኒቱን ልክም ይናገራል። ፀረ ትኩሳት እንጂ ፀረ በሽታ አይደለም። ስንታመም ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ያደርገዋል። መድኃኒቱ የሚያግደው የዚህን ንጥረ ነገር መመረት ነው። ትኩሳቱ በረደ ማለት ወባው ወይም ታይፎይዱ ለቀቀ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል፤ እባካችሁ ለቤተሰብም ንገሩ።

ላቲኑ ሌላ ስም አለው፤ «ፌብሪፊውጅ»። «ፌብሪስ» ትኩሳት፣ «ፉጋሬ» ማባረር። ዛሬ ብዙም አይሰማም፤ በድሮ ጊዜ ግን ትኩሳት የሚያባርሩ ዕፅዋት በዚህ ይጠሩ ነበር። ከሁሉም የታወቀው የደቡብ አሜሪካው የሲንኮና ዛፍ ልጣጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ፔሌቲየና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ከልጣጩ ኩዊኒንን ለይተው አወጡ። ኩዊኒን ትኩሳቱን ብቻ አያበርድም፤ የወባውን ተውሳክ ራሱን ይገድላል። «ማባረር» የሚለው ስም ለእሱ በደንብ ይገባዋል።

«ኩዊኒን» የሚለው ስም የመጣው ኬችዋ ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ፣ «ኪና» ከሚለው ቃል ነው፤ ልጣጭ ማለት ነው። ከዚያ አውሮፓ ገባ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ዓለምን ዞረ። እኛ ጋ ሲደርስ «ክኒን» ሆነ። ወባ በሚያጠቃው አገር የታወቀው እንክብል እሱ ስለነበር፣ ስሙ ለሌላውም ተረፈ። ዛሬ የደም ግፊቱንም የራስ ምታቱንም ክኒን እንላለን።

ቀጥሎ የምይዘው «አናልጀዚክ»ን ነው፤ የሕመም ማስታገሻውን። ፓራሲታሞል ሁለቱንም ስለሆነ ጎን ለጎን አያቸዋለሁ።