እሁድ በሴንት አንድሩስ

ዛሬ ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ነበርኩ። ጎልፍ አልችልም፣ ዱላውንም ጨብጬ አላውቅም። ግን ኦልድ ኮርስ እሁድ እሁድ ለጨዋታ ዝግ ነው፣ መናፈሻ ይሆናል፤ እኔም በዓለም ዝነኛው የጎልፍ ሜዳ ላይ ማንም ሳይከለክለኝ ስንሸራሸር ዋልኩ። አንዱ ውሻ ባለቤቱን እየጎተተ 18ኛው ጉድጓድ (ኳሷ የምትገባበት) አጠገብ ሲንከባለል ዞር ብሎ ያየው እንኳ የለም። መሬቱ የጎልፍ ክለቡ ሳይሆን የሕዝብ ነዋ! ስዊልካን የሚባለው የድንጋይ ድልድይ በቲቪ ሲያዩት ትልቅ ይመስላል እንጂ ጥቂት ተራምደው የሚጨርሱት ነገር ነው፤ ለፎቶ ግን ወረፋ አለው።

ታሪኩ ደግሞ ጉድ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1457 ጎልፍ በአዋጅ ተከልክሎ ነበር፣ ሰዉ ቀስት መለማመዱን ትቶ ኳስ እየመታ አስቸገረ ተብሎ። በ1754 ግን 22 መኳንንትና ባላባቶች ተሰባስበው የሴንት አንድሩስን የጎልፍ ክለብ መሠረቱ፤ በ1834 ንጉሥ ዊልያም 4ኛ ንጉሣዊ ማዕረግ ሰጡት። ክለቡ ሲመሠረት እዚህ አንድ ዙር 22 ጉድጓድ ነበር። በ1764 የመጀመሪያዎቹን አራቱን ወደ ሁለት ሲያጥፏቸው፣ በሄዱበት መንገድ ስለሚመለሱ በመልሱም ሁለት ቀነሰና ድምሩ 18 ሆነ፤ ዓለምም ቀስ በቀስ ያንኑ ተከተለ።

ክለቡ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል ድምፅ የሰጠው 2014 ላይ ነው። 260 ዓመት ሙሉ ምን ሲጠብቁ ነበር በናታችሁ?