ትራሱ ቀደመኝ

አማቴ አሸነፉኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እሱ ምን አለው? ሰው በሰው ይሸነፋል፤ ይሳቅበትና ያልፋል። እኔን የቀደመኝ ግን ትራስ ነው። የሶፋ ትራስ። አንድ ጎኑ የሳሳ፣ ዚፑ የተበላሸ፣ በአዘቦት ቀን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ትራስ በመኪና ውድድር ቀድሞኝ ገባ።

እያጋነንኩ አይደለም። ቪዲዮ አለ።

መጀመሪያ ግን ማን መሆኔን ልንገራችሁ። እኔ የመኪና ጌም ትናንት የጀመርኩ ሰው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመጀመሪያው «ግራን ቱሪዝሞ» ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ያ ጌም መንጃ ፈቃድ ያስወጣ ነበር። ቤትህ ቁጭ ብለህ ፈተና! ከቆምክበት ተነስተህ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጥተህ፣ ከዚያ የተሰመረልህ ቦታ ላይ ልክክ አድርገህ ማቆም። ካለፍካት ወደቅክ። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ አለው፤ በነሐስ ያለፈ ሰው ለጓደኞቹ አያወራም። ከሱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ፖል ፖዚሽን» ጃፓን ያለውን የፉጂ ስፒድዌይ ይዞ ሲመጣ፣ መጀመሪያ አንድ ዙር ያስነዳህ ነበር። ሰዓቱን ካላሟላህ ውድድሯን አታያትም። ሳንቲምህን በልቶ ደህና ሁን ይልሃል።

ዘንድሮ ዘመኑ ተቀይሯል። ጀማሪም ነባርም እንኳን ደህና መጣችሁ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስትገባ የእርዳታ መዓት ተዘርግቶ ይጠብቅሃል። ፍሬን አጥብቀህ ስትይዝ ጎማው መሽከርከሩን አቁሞ እንዳይቆልፍ ኤቢኤስ። ነዳጅ አብዝተህ ስትሰጥ ጎማው በባዶው እንዳይሽከረከር ትራክሽን ኮንትሮል። አስፋልቱ ላይ ደግሞ መስመር ይሠመርልሃል፤ አረንጓዴ ከሆነ ሂድ፣ ቢጫ ከሆነ ቀንስ፣ ቀይ ከሆነ ፍሬን ያዝ። ይሄን አልቃወምም። ወረድ ስትል ግን ፍሬኑን ራሱ የሚይዝልህ አለ። መሪውን የሚያዞርልህ አለ። ነዳጁን የሚሰጥልህም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 «ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ» መሪውንም ነዳጁንም የሚያግዝ ምርጫ ይዞ ሲመጣ፣ የሕፃናት ነው ብዬ ስቄ ነበር።

እንግዲህ ሦስቱን አንድ ላይ ካበራሃቸው ለሹፌሩ የሚቀረው ሥራ ምንድነው? መቀመጥ። መቀመጥ ደግሞ ትራስ ያውቅበታል።

እኔ ሁሉንም አጥፍቻለሁ። ኤቢኤስ የለም፣ መስመር የለም፣ ማርሹ በእጅ ነው። መሪም ገዝቻለሁ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ከነፔዳሉ። ያልገዛሁት ወንበሩን ነው። የምቀመጠው ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ላይ ነው። ፍሬን አጥብቄ በረገጥኩ ቁጥር እኔ ወደ ኋላ እንሸራተታለሁ። ለዚህ መላ አበጅቼ የወንበሩን ጎማዎች አሮጌ ካልሲ አልብሻቸው ነበር። የወንበሩ ጎማ አምስት ነው፤ ካልሲ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ነው። ስድስተኛው ካልሲ እስካሁን ቤት ውስጥ ሲንከራተት ይታያል፤ በሱ ምክንያትም ከባለቤቴ ጋር ያላለቀ ጉዳይ አለን።

አማቴ ሊጠይቁን የመጡ ቀን ነው። ልጃችን ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አስቀምጣ «እማማ፣ ከአባዬ ጋር ተጫወቺ» አለቻቸው።

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ?» አሉኝ ወደኔ ዞረው።

«ይሞክሩት እማማ፣ ቀላል ነው» አልኳቸው።

ልጅቷ በአያቷ በኩል ያለውን እርዳታ አንድ በአንድ ስታበራ እያየሁ ዝም አልኩ። በልቤ ዕቅድ ነበረኝ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ እስከ መጨረሻው አጠገባቸው እቆያለሁ፣ ከዚያ በትንሹ ቀድሜ እገባለሁ። ትሕትና ያለበት ድል። አማቱ ፊት ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

የመረጥኩት ሞንዛን ነው። ጣሊያን ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራ፣ ዙሩ 5.793 ኪሎ ሜትር የሆነ መወዳደሪያ። አብዛኛው ነዳጅ ረግጠህ የምትበርበት ነው። ጣጣው ዋናው ቀጥታ መንገድ ሲያልቅ ነው። ፎርሙላ ዋን መኪና በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ መጥቶ እዚያች ጋ ቀኝ ግራ በምትል ጠባብ መታጠፊያ ማለፍ አለበት። ፍሬን ለመያዝ ትንሽ ከዘገየህ አለቀልህ። ኤቢኤስ ከሌለህ ደግሞ የፊት ጎማህ ይቆልፋል። የቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማም። የፈለግከውን ያህል ጠምዝዘው፣ መኪናው ፊት ለፊቱን ይሄዳል።

ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ ላይኛው የኔ፣ ታችኛው የሳቸው። ነገሩ በዕቅዴ መሠረት እየሄደ ነበር። መሀል ላይ የአማቴ ስልክ ጮኸ። እህታቸው ናቸው። እህታቸው ከደወሉ ነገር በአጭሩ አይቋጭም። አማቴ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ያለው ትራስ ላይ አስቀመጡና «መጣሁ ልጄ» ብለው ወጡ።

መኪናቸው ይቆማል ብዬ ነበር። አልቆመም።

ትራሱ ማርሽ ቀየረ። ትራሱ ፍሬን ያዘ። ትራሱ መታጠፊያውን ገባ፣ ወጣ፣ ነዳጅ ሰጠ። ልጄ ትንፋሿን ውጣ ታያለች። እኔ አሁንም ፊት ነኝ፤ ግን ከትራስ ጋር እኩል መሄድ ውስጤን አልፈቀደውም። የመጨረሻው ዙር ላይ ልዩነቱን ላሳያት ብዬ ረገጥኩት። ያቺ ቀኝ ግራ መጣች። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ስመታው አንዱ ካልሲ ከጎማው ወለቀ። መኪናው ወደ ፊት፣ እኔ ወደ ኋላ። ተለያየን። እኔ ሶፋው ጋ ደርሼ ከትራሱ ጎን ስቆም መኪናዬ ያለ እኔ መታጠፊያውን ትቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ከትራሱ ጋር ጎን ለጎን የነበርንባትን ያቺን ቅጽበት አልረሳትም። እሱ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ እኔ ወንበሬን በእግሬ እየቀዘፍኩ ነው። ታችኛው ስክሪን ላይ መኪናው ቀስ ብሎ መጣ። ቀኝ። ግራ። አለፈ።

ተመልሼ አባረርኩት። ሌስሞ፣ አስካሪ የሚባሉት የሞንዛ መታጠፊያዎች ዓይኔን ጨፍኜ የማውቃቸው ናቸው፤ ደረስኩበት። ከኋላው ተለጥፌ ነፋሱን በሱ ከለልኩ። ግራ አልኩበት፣ ቀኝ አልኩበት። ሰው ቢሆን መስታወቱን አይቶ ይደነግጣል፣ ይሳሳታል። የውድድር ጥበብ እኮ ግማሹ ይሄ ነው፤ ፊትህ ያለውን ማስጨነቅ። ትራስን በምን ታስጨንቀዋለህ? የሚያጣው ክብር የለ፣ የሚያፍርበት ልጅ የለ። ፓራቦሊካ የምትባለውን የመጨረሻዋን መታጠፊያ መስመሯን ሳይስት ወጣ። እኔ ከጎኑ ሆኜ በአፍንጫ ቀደመኝ።

በዚህ ላይ የሦስት ሰከንድ ቅጣት ተጨመረብኝ። ለምን? መታጠፊያውን አቋርጠህ ጥቅም አግኝተሃል ተብዬ። ጥቅም! ምን ዓይነት ጥቅም ነው ሰውን ሶፋ ጋ የሚያደርሰው?

ይሄ የቅጣት ነገር ካነሳሁት አይቀር፣ ኦንላይን ደግሞ የባሰ ነው። ፍጥነትህን ብቻ ሳይሆን ጨዋነትህንም በነጥብ ይለኩልሃል። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አንዱ ፍሬን መያዝ ትቶ እኔ ላይ ያርፋል። እኔን አስፋልት አስለቅቆ እሱ በሰላም ይታጠፋል። ከዚያ ነጥብ የሚቀነሰው ከማን ነው? ከኔ። ተገጨህ ተብሎ ጨዋነት የሚቀነስበት ሌላ ቦታ ካለ ንገሩኝ። ደግሞ መጨረሻ ላይ «ጥሩ ውድድር ነበር» ብሎ ይጽፍልሃል፣ ያው የገጨህ ሰው።

ወደ ትራሱ ልመለስ። ልጄ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው በቀረ። እሷ ግን የአያቷን ስም ከጌሙ ላይ ሰርዛ «ትራስ» ብላ አስመዘገበችው። በጌም ውስጥ ጥላ የሚባል ነገር አለ፤ ከዚህ በፊት የተነዳ ዙር ተቀድቶ ይቀመጥና ብቻህን ስትለማመድ ግልጽ መኪና ሆኖ አብሮህ ይሄዳል። አሁን ሞንዛን በከፈትኩ ቁጥር ያ መኪና አብሮኝ ይነሳል። ከጣሪያው በላይ በነጭ ጽሑፍ ስሙ ተጽፏል። ትራስ። አንድ ዙር ብቻ ከሆነ እበልጠዋለሁ፤ ይሄ ይመዝገብልኝ። ችግሩ ስሙን ሳየው እጄ ይከብደኛል። ከጎኔ ሲመጣ መሪው ይጠፋብኛል።

ቤት ውስጥም ደረጃው ከፍ ብሏል። ጥግ መቀመጥ ቀርቶ የሶፋው መሀል ተሰጥቶታል። ልጄ ወርቃማ ወረቀት ቆርጣ ሜዳሊያ ሠርታለታለች። በቀደም ከሥራ ደክሞኝ መጥቼ ጋደም ልልበት ስል ባለቤቴ «ተው፣ እሱ ሻምፒዮን ነው» አለችኝ። ዚፑን ራሱ አሠርታለታለች። የኔ ጃኬት ዚፕ ከተበላሸ ስንት ጊዜው!

አማቴ እስከ ቅርብ ጊዜ ይሄን ሁሉ አያውቁም ነበር። ተመልሰው ሲመጡ ነው ልጅቷ ቪዲዮውን ያሳየቻቸው። ሳቁ፤ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ «እስቲ አምጪው» ብለው ጆይስቲኩን ተቀበሉ። ጥቂት ነድተው ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ይሄ መሪ ራሱ እየዞረ ያሳስተኛል። አጥፊልኝ» አሏት።

አጠፋችላቸው። ቀጥሎ ፍሬኑን። ቀጥሎ ነዳጁን። ያቺ ቀኝ ግራ ስትመጣ በጊዜ ፍሬን ያዙ፣ ረጋ ብለው ገቡ፣ ወጡ። ማንም አላስተማራቸውም። እኔ ከኋላ ሆኜ ላልፋቸው ቸኮልኩና ሌስሞ ላይ አስፋልቱን ለቅቄ ወጣሁ። አቧራው ላይኛውን ስክሪን ሞላው።

«ልጄ፣ ፍሬንህን ቀደም ብለህ ያዝ እንጂ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

ስልካቸው በዚህ መሀል ጮኸ። እህታቸው ናቸው። አሁን ግን ጆይስቲኩን ለማንም አልሰጡም፤ ስልኩን ትከሻቸውና ጆሯቸው መሀል ይዘው ነዳጅ እየሰጡ አነሱት።

«ሄሎ? አይ፣ ደህና ነን። ጩኸቱማ ምንም አይደለም፣ አማቻችን ጠጠር ውስጥ ገብቶብን ነው።»