ዕጢን ማስራብ ሕመምተኛን ማስራብ አይደለም

የካንሰር ዕጢ ምግብና ኦክስጅን የሚያመጣለት የራሱን የደም ሥር ካላበቀለ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር አልፎ ማደግ ይሳነዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጁዳ ፎክማን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 ካቀረቡ በኋላ፣ ዕጢው አዲስ የደም ሥር የሚጠራበትን ምልክት የሚያግደው ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት በ2004 በአሜሪካ ተፈቀደ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቀድሞ የተዘረጋው የደም ሥር ነው፤ እሱን በረጋ ደም ዘግቶ ዕጢውን ማስራብ ቢቻልም፣ ደም የሚያረጋ ነገር እንዲሁ ቢሰጥ የልብንና የአንጎልን ሥር ሊደፍን ይችላልና።

በ2018 የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ጭንቀት የተሰጠ ብልህ መልስ ነው። ከዲኤንኤ 90 በ60 ናኖሜትር የሆነ ስስ ንጣፍ ሠሩ፤ የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት 7,000 ናኖሜትር ገደማ ነው። በንጣፉ ላይ ደም አርጊውን ኢንዛይም ትሮምቢንን አስቀምጠው እንደ ሰሌን ጠቀለሉትና አሰሩት። ማሰሪያው የሚፈታው በዕጢው የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚገኘውን ኑክሊዮሊን የተባለ ፕሮቲን ሲያገኝ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቅሉ ይዘረጋል፣ ትሮምቢኑ ከደሙ ጋር ይገናኛል፣ ሥሩም በረጋ ደም ይዘጋል። በአይጦች ላይ የዕጢው እድገት ተገታ፤ በአሳማዎች ላይ በተደረገው የደኅንነት ፍተሻም ጤናማ አካል ውስጥ ደም ሲረጋ አልታየም።

ይህ መንገድ ሌላም ብልጫ አለው። በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ወደ ደም ከተሰጡት ናኖ ቅንጣቶች (መድኃኒት የሚጫንባቸው እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች) ዕጢው ውስጥ የሚደርሱት በመካከለኛ ስሌት 0.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹን ጉበትና ጣፊያ ያስቀሯቸዋል። ዒላማው የደም ሥሩ ግድግዳ ሲሆን ግን ቅንጣቱ ከደም ወጥቶ ወደ ዕጢው ጥልቀት መግባት አይጠበቅበትም።

ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም በናኖ ቅንጣት ጭነው ዕጢው ውስጥ ያለውን ስኳር ለማስጨረስ የሚሞክሩም አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፦ ይህን ሰምቶ ሕመምተኛን ምግብ መከልከል ከባድ ስሕተት ነው፤ ጉበት ራሱ ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ስለሚሠራ ዕጢው አይራብም፣ የሚከሳው ሰውየው ነው።

የማስራቡ ትልቁ ጣጣ ከዳር የሚተርፉት ሕዋሳት ናቸው፤ ከጎረቤት ጤናማ ሥጋ ደም ያገኛሉ፣ ኦክስጅን ሲያጥራቸውም ይበልጥ ወራሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ተስፋ የማደርገው ማስራቡን ከሌላ መድኃኒት ጋር በሚያጣምሩት ሥራዎች ነው፤ በተለይም እንደ ቲራፓዛሚን ያለውን፣ ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ይበልጥ መርዝ የሚሆነውን ውሕድ ከሥር መዝጊያው ጋር አብረው በሚልኩት።