«በአዲሱ ነው በአሮጌው?»

ዛሬ ከአዳማ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ረዳቱ ዞር አለና «በአዲሱ ነው በአሮጌው?» አለን። አዲሱ የሚከፈልበት የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ነው፤ በእሱ ከሆነ ትንሽ ጨምሩ ማለቱ ነው።

ከፊቴ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ በግብራችን የተሠራ አይደለም እንዴ? ደግሞ ለመርገጫ?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ረዳቱ «እማማ፣ ብሩ እኮ ለኔ አይደለም» ብሎ ዝም።

በአዲሱ ወጣን። ሹፌሩ መግቢያው ላይ የተቀበላትን ካርድ ከግንባሩ በላይ ሰካት። እናትየው ዓይናቸውን ከካርዷ ላይ አላነሱም። ቱሉ ዲምቱ ደርሰን ሲከፍል አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ደረሰኝ ሰጡህ?» ሰጥተውታል። «እስቲ አሳየኝ» አሉ። ተቀብለው፣ ራቅ አድርገው ይዘው፣ ቁጥሩን አንብበው መለሱለት።

ይህ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከወጪው ከግማሽ በላዩ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ብድሩን መንገዱን አይቶት የማያውቅ ገበሬ ከሚከፍለው፣ እኔ ብከፍል ይሻላል ባይ ነኝ። ግን አሮጌውም ቢሆን ነጻ አይደለም። ከ1989 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ከነዳጅ ላይ ለመንገድ ፈንድ፣ ማለትም ለመንገድ ጥገና፣ ይቆረጣል። በአዲሱ የሄደ ሁለቱንም ይከፍላል ማለት ነው። ለነዳጁ ድርሻ ግን ለተሳፋሪ የሚያሳየው ደረሰኝ የለም።

እናትየው ቃሊቲ ላይ ሲወርዱ ረዳቱን «ለከርሞ በአሮጌው ነው» አሉት። «ቢሾፍቱ እህቴ ጋ ቡና እጠጣለሁ።»